ጥምቀት በወደቡ አፍ

ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ጭቃ አወጣለሁ» እላለሁ። ይስቃሉ። ነርስ ነኝ ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር። እውነቱ ግን ጭቃ ነው። ፋብሪካ ለመቶ ዓመት ሲደፋበት በኖረ ወደብ ሥር የተኛውን ደለል በረጅም ግልጽ ቱቦ መዝዘን እናወጣለን። ቱቦው ሲወጣ ደለሉ ተነባብሮ ይታያል፤ ከላይ የዘንድሮው፣ ከሥሩ የአያቶቻችን ዘመን። የትኛው መርዝ መቼ እንደተደፋ፣ ማን እንደደፋው የሚታወቀው ንብርብሩ ሳይናወጥ ከወጣ ብቻ ነው። ከተናወጠ ሾርባ ነው፤ ለማንም አይረባም።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ካለ አንድ አሮጌ የጭነት ወደብ አፍ ላይ ነበርን። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ጠበቆቻቸው ከእኔ የበለጠ ጊዜ አላቸው። ባለቤቶቹ «የእኛ ወደብ ንጹሕ ነው» ሲሉ፣ እኛን የቀጠረን የሚኒሶታ ስቴት «እስኪ እንየው» ሲል ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ በስንት ጭቅጭቅ አንድ ቀን ተፈቀደልን። አንድ ቀን ብቻ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአዲስ መወጣጫ ብለው ወደቡ አፍ ላይ ድንጋይ ሊደፉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከሥር ያለውን የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ጀልባዋ ላይ ሦስት ነበርን። ጀልባ ነጂው ባይሳ የወለጋ ልጅ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ መዋኘት የማይችል ጀልባ ነጂ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «እኔ የምነዳው ጀልባዋን ነው እንጂ ውሃውን አይደለም» ይላል። ሦስተኛው ግሬግ ነው። ግሬግን የላከው ኩባንያው ነው፤ ሥራው እኛን ማየት ነው። ትሑት ሰው ነው፣ ከረሜላ ያቀርብልናል። የሚጠብቀው ግን ስህተት ነበር። ቱቦው ከውሃ ከወጣ ጀምሮ ረግቶ እስኪታሸግ ድረስ ከእጄ መውጣት የለበትም፤ ጀልባዋም በመልሕቅ ታስራ ንቅንቅ ማለት የለባትም። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ናሙናው ውድቅ ነው።

ያን ቀን እስከዚያ ሰዓት የወሰድናቸው ቱቦዎች ሁሉ አሸዋ ብቻ ነበሩ። ግሬግ ከረሜላውን እያላመጠ ነበር። የመጨረሻውን፣ ከወደቡ አፍ ጥግ ያለውን ስናወጣ ግን ባይሳ ማፏጨቱን አቆመ። ከላይ ስስ አሸዋ፣ ከሥሩ ክንድ የሚያህል ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ትኩስ አስፋልትና ናፍታሊን። የድንጋይ ከሰል ሬንጅ ነው። ደለል ውስጥ ተቀብሮ ዘመናት ይቀመጣል፤ ሰው ሲረግጠው ይነቃል፤ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ የፈላ ዘይት የነካው ይመስል ያቆስላል። የግሬግ መንጋጋ ቆመ። እኔ፣ ምን እዋሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከሁለት ዓመት ድካም በኋላ ይኸው በእጄ ነው አልኩ። ቱቦውን በሁለት ጉልበቴ መካከል አቁሜ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪረጋ መጠበቅ ጀመርኩ።

መኪኖቹ የመጡት ያኔ ነው።

ከወደቡ አጥር ውጭ፣ ከእኛ ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ቦታ፣ ጠባብ አሸዋማ ዳርቻ አለች። ዓሣ አጥማጆች ካልሆኑ ማንም አይመጣባትም። መጀመሪያ ነጭ ቫን ቆመ፣ ከኋላው መኪና በመኪና ላይ ሆነ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወረዱ። ስፒከር አወረዱ። ቫኑ ጎን ላይ ያለውን የአማርኛ ጽሑፍ ሳነብ ክው አልኩ። የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ቫን ነው።

እናቴ ለተገብርኤል ሰባዎቹን ጀምራለች። አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ አረጀች ማለት ይቻላል፤ እዚህ አፕል ቫሊ ከመጣች በኋላ ጴንጤ ሆነች። እኔ ምንም አላልኩም። ካልጠፋ ነገር እንደገና ልጠመቅ ስትል ግን ተጣላን። «እማ፣ በሰማንያ ቀንሽ ተጠምቀሽ የለም እንዴ?» አልኳት። «ያኔ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። ተቆጣሁ፤ እንደ ልማዴ። እሷም መጥቼ እንዳልረብሻት ፈርታ ቀኑንም ቦታውንም ደበቀችኝ። እኔ ደግሞ የት እንደምሠራ ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኳት። እናትና ልጅ ተደባብቀን አንድ ውሃ ላይ ተገናኘን።

በየዓመቱ የሚያጠምቁት ኤደን ፕሬሪ ካለው ሐይቅ ነበር። ዘንድሮ ሐይቁን አረንጓዴ አልጌ ወረሰውና ተዘጋ። እናቴ ደግሞ «በገንዳ አልጠመቅም፤ ዮሐንስ በገንዳ አላጠመቀም» አለች። ጉልበቷ ደካማ ስለሆነ ወራጅ ውሃ ይጥላታል። እናም ለእሷ ብለው፣ ለፍቅሯ ብለው፣ ወንዙን ተከትለው ሄደው የረጋውን ቦታ መረጡላት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ግን የሚፈሰውን እንጂ የቆመውን ማን ይፈራል? ወንዝ ረጋ በሚልበት ቦታ የተሸከመውን ሁሉ ያራግፋል። መርዙም የሚተኛው እዚያው ነው።

አንድ እጄን ከቱቦው ሳላነሳ በሌላው ለእናቴ ደወልኩ። አይነሳም፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ቫኑ ውስጥ ነው። ለቤተ ክርስቲያናቸው መሪ ለፓስተር ኢዩ ደወልኩ። እሱም አያነሳም። ቀና ብዬ ሳይ ስልኩ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ተተክሎ ወደ ውሃው ዞሯል፤ ጥምቀቱን በቀጥታ እያስተላለፉ ነው። ገጻቸው ገብቼ ስርጭቱን ከፈትኩት። የእናቴ ፊት በስልኬ ላይ ወጣ፤ ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ እንደ ልጅ ፈገግ ብላ። «አስቁሙ! ውሃው መርዝ ነው! ዴሊና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዳላስ «አሜን»፣ ከናይሮቢ «ተባረኩ»፣ ከስቶክሆልም «ሃሌሉያ» እየተግተለተለ መጣና የእኔን ዋጠው። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ዋጠው።

«ዘጠኝ አንድ አንድ፣ ለፖሊስ እንደውል?» አለ ባይሳ።

«እስኪመጡ ሁሉም ያልቃል።»

ፓስተር ኢዩ ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ እስከ ወገቡ። እኩያዬ ነው፣ በሳምንቱ ቀናት የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ደግ ሰው ነው። በሚረግጥበት ሁሉ ከእግሩ ሥር አረፋ ይወጣ ነበር፤ ከአረፋው ላይ ዘይት ሲዘረጋ ከጀልባዋ ይታየኛል። እሱ ግን የሚያየው ሰማዩን ነው። መጀመሪያ ዳራርቱ የምትባል ወጣት ገባች። ጠለቀች፣ ወጣች፣ እልልታው ቀለጠ። ቀጥሎ እናቴ ነበረች፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት ወደ ውሃው እየመጣች ነው።

ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ። «እማ! አትግቢ! አቁሙ!»

ሰሙኝ። ሰምተውኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ፓስተር ኢዩ ዞሮ አየኝ፤ ብርቱካናማ ጃኬቴን፣ ጀልባዋን፣ የሚወዛወዘውን እጄን አየ። የእናትና የልጅ ጥል በቤተ ክርስቲያኑ ያልታወቀ አልነበረም። ማይኩን ከፍ አድርጎ «ወገኖች፣ እንቅፋት በቅርብ ሰው በኩል ይመጣል። እንዘምር!» አለ። ዘመሩ። ስፒከሩን ከፍ አደረጉት። በጮህኩ ቁጥር ዝማሬው ከእኔ በላይ ሆነ። እናቴ እኔን ላለማየት ፊቷን ወደ ምድር ደፋች። ልጇ በጀልባ ሳይቀር አሳድዳ ልታሳፍራት የመጣች መስሏት ነው።

«ባይሳ፣ መልሕቁን አንሳው» አልኩ።

ባይሳ ቱቦውን አየ፣ እኔን አየ። «ዴሊና፣ ሙቭ ካደረግን ሳምፕሉ አለቀለት። ቱ ይርስ የለፋንበት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ግሬግ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «ከተንቀሳቀሳችሁ ናሙናው ተናውጧል ብዬ መመዝገብ ግዴታዬ ነው» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«ሰዎቹ ሬንጅ ላይ ቆመዋል! እናቴ ልትገባ ነው!»

«እዚያ ምን እንዳለ እስካሁን የሚያውቅ የለም» አለ። «ለዚህ አይደል የመጣነው?»

ደሜ ፈላ። በዚያች ቱቦ ብመታው ደስ ባለኝ፤ ግን ቱቦዋን ታቅፌያለሁ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ አንድ ሰው፣ አንዲት አሮጊት፣ ለደቂቃ ውሃ ብትነካ ትሞታለች እንዴ? አትሞትም። ይህ ቱቦ ከታሸገ ግን ወደቡ ይጸዳል፣ ዳርቻዋም ትጸዳለች፤ ወደፊት የሚመጣ ሰው ሁሉ ይተርፋል። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ከዚያ እናቴ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ ስትል አየሁ። በአንድ እጇ የሴትዮዋን ትከሻ ይዛ፣ በሌላው ቀስ ብላ። የስኳር በሽታ ያለበት እግር ነው፤ የጫማ ጭረት እንኳ ወር ይፈጅበታል። ሁለት ወዶ አይሆንም።

«ባይሳ! ቁረጠው!»

ባይሳ መልሕቁን ለማንሳት ጊዜ አላባከነም፤ ገመዶቹን በቢላዋ ቆረጣቸው። ሞተሩ አገሳ። ቱቦውን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ምናልባት፣ ምናልባት ሳይናወጥ እደርሳለሁ እያልኩ ነበር። የጀልባዋ አፍንጫ አሸዋውን ሲመታ ተስፈንጥሬ ተንበረከኩ። ቱቦው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀና ተንከባለለ። የዘንድሮው ከአያቶቹ ዘመን፣ ጥቁሩ ከቡናማው ተደበላለቀ። ሾርባ ሆነ። ግሬግ ቀረጸው።

ዘልዬ ወረድኩ። ደረት ድረስ የሚደርስ የጎማ ልብስ ለብሻለሁና ለራሴ አልፈራሁም። እግሬ እስከ ቅልጥሜ ሰመጠ። እናቴና ፓስተር ኢዩ መካከል ገብቼ ቆምኩ። እናቴ ባዶ እግሯን ውሃው ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ገና አልገባችም። ዝማሬው ተቋረጠ።

«ዴሊና» አለች። «ዛሬን እንኳ ተዪኝ። ሰው ፊት አታዋርጂኝ፣ ጓለይ።» ጓለይ የምትለኝ ልቧ ሲሰበር ነው፤ ልጄ ማለቷ ነው።

«እማ፣ ጥምቀትሽን አይደለም። ጭቃውን ነው።»

«እህቴ» አለ ፓስተር ኢዩ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ኦብጀክሽን ካለሽ ቸርች ነይና እንነጋገር። አሁን ግን ጌታ የሚከብርበት ሰዓት ነው።»

«ፓስተር፣ እግርህን አውጣና እየው!»

«ዴሊና…»

«አውጣና እየው አልኩህ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እጁን ወደ እናቴ ዘረጋ። እሷም ዘረጋች። ጎንበስ ብዬ ጓንት ያጠለቀ እጄን ከታች ሰደድኩና ጭቃውን በእፍኜ ዘግኜ አወጣሁ። ጥቁር ነው፤ በጣቶቼ መካከል እየተሳበ ወረደ። ለእናቴ አፍንጫ አስጠጋሁላት።

«አሽትቺው። እኔን ካላመንሽኝ አሽትቺው።»

አሸተተች። ፊቷን ዞር አደረገች፣ ከዚያ ተመልሳ ደግማ አሸተተች። «ናፍታሊን» አለች። ቀስ ብላ የፓስተሩን ነጭ ቀሚስ ተመለከተች፤ ከወገቡ በታች ነጭ አልነበረም። በዙሪያው ውሃው ላይ ዘይት በቀለም በቀለም ተዘርግቷል። ሁሉም ያኔ አዩት፤ ከፊታቸው የነበረውን።

«ይሄን ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«እንጠረጥር ነበር። ያረጋገጥነው አሁን ነው። ሬንጅ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው ቆዳ ያቆስላል።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«ኮንፊደንሻል ነው እማ። ለማንም አይነገርም።»

እናቴ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረችና፣ ያን ሁሉ ጩኸቴን የዋጠው ስፒከር እንኳ የማይደርስበት ድምፅ አወጣች። «ኢዩ፣ ልጄ፣ ውጣ! ሁላችሁም ራቁ! ዳራርቱን ሳሙና አምጡላት፣ ፀሐይ አታስነኳት!» ለእሷ ታዘዙ። ለእኔ ያልታዘዙትን ያህል ለእሷ ታዘዙ።

ዳራርቱን ቫኑ ጥላ ውስጥ አስቀምጠን በሳሙና አጠብናት፤ በቶሎ ስለወጣች ቁርጭምጭሚቷ ቀላ ብሎ ቀረ። ፓስተር ኢዩ ግን ፀሐይ ላይ እዚያ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ማታውን እግሩ ውሃ ቋጠረ፤ ለሳምንታት አውቶቡስ መንዳት አልቻለም። ሆስፒታል ስጠይቀው እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘሁት። «እህቴ፣ እንቅፋት ስላልኩሽ ማሪኝ» አለኝ። አልቅሼ ወጣሁ። እሱን መቆጣት ነበር የሚቀለኝ።

ናሙናው ውድቅ ሆነ። ግሬግ የቀረጸው በስብሰባ ላይ ታየ፤ ቱቦው ሲወድቅ፣ ሲንከባለል። የኩባንያው ጠበቃ «ጥቁሩ ነገር ከየት እንደመጣ ከዚህ ማወቅ አይቻልም» አለች። ትክክል ናት። ንብርብሩ ከጠፋ ማን እንደደፋው አይታወቅም፤ ማን እንደደፋው ካልታወቀ የሚያጸዳው የለም። የእኔ አለቃ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ወደቡ አፍ ላይ ድንጋይ ተደፋ።

ዳርቻዋ ላይ ስቴቱ አንድ ምልክት ተከለ። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከደለሉ ጋር ንክኪን ማስወገድ ይመከራል ይላል። ይመከራል! ያን ለመጻፍ ስንት ሰው እንደተሰበሰበ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤተ ክርስቲያኑ ለእናቴ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ገንዳ ተከራየላት። እንቢ አለች። ሐይቁም ተከፈተ። እንቢ አለች። እኔን ለብዙ ጊዜ በቅጡ አላነጋገረችኝም፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። አንድ ቅዳሜ ቤቷ ስሄድ አጣኋት። ጎረቤቷን ብጠይቅ «የቸርች ልጆች ወንዝ አደረሷት፣ በየሳምንቱ ትሄዳለች» አለችኝ። ቀልቤ ተገፎ እየነዳሁ ሄድኩ።

ምልክቱ አጠገብ ታጣፊ ወንበር ዘርግታ፣ ጃንጥላ ይዛ ተቀምጣለች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዘንጉን ይዞ ሲመጣ ጃንጥላዋን አነሳችበት። «ኖ! ዋተር ባድ! ፊሽ ባድ! ጎ!» ሰውዬው ምልክቱን ሳያይ እሷን ሰምቶ ተመለሰ።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አላየሽም?»

«ፀሐይ ነው፣ ጉልበትሽ…»

«ጉልበቴን ተዪልኝ።»

አጠገቧ አሸዋው ላይ ልቀመጥ ስል «እዚያ አትቀመጪ!» ብላ ጮኸችብኝ። ጃኬቴን አንጥፌ ተቀመጥኩ። «ለምን በሐይቁ አትጠመቂም?» አልኳት። «እኔ አልከለክልሽም። እውነቴን ነው፤ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«እዚሁ ነው የምጠመቀው። ሲጸዳ።»

«እማ፣ የሚያጸዳው የለም። ቢጸዳም ዐሥር ዓመት ነው፣ ሃያም ሊሆን ይችላል።» የማልፈልገውን ቃል ግድ ሆኖብኝ አወጣሁት። «ላትደርሺ ትችያለሽ።»

ወንዙን አየች፤ ቀጥ ብሎ፣ ረግቶ፣ ፀሐይ እየተጫወተበት። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

«ካልደረስኩ» አለች፣ «ለእግዚአብሔር ምክንያቴን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። እሱ ይገባዋል። ደግሞ ያን ቱቦ ለእኔ ስትዪ እንደጣልሽው ባይሳ ነግሮኛል። ሌላ እስክታወጪ ሰው መጠበቅ አለበት። እኔ ሥራ የለኝም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ስትቆጣኝ የቻልኩትን ያን ጊዜ አልቻልኩትም። እሷ ግን አላየችኝም፤ በዳርቻዋ ሌላኛው ጫፍ አንዲት እናት የልጇን ጫማ እያወለቀች ነበርና፣ ወንበሩን ተደግፋ እያቃሰተች ተነስታ፣ ጃንጥላዋን እንደያዘች ወደ እነሱ መሄድ ጀምራለች።